ድምፁ የጠፋበት ኮምፒዩተርና የአያቴ ካሴት

በየዓመቱ አንድ ጊዜ በምትወጣው በዚህች መጽሔታችን ጓደኞቼ ስለ ስፖርት፣ ስለ ጉዞና ስለ ፈተና ሲጽፉ፤ እኔ የመረጥሁት ጉዳይ ለአንዳንዱ ሰው ደረቅ መስሎ ሳይታየው አይቀርም። ይኸውም ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ ኮምፒዩተር ድምፁ ሲጠፋ፤ ድምፁ ከየት ላይ እንደ ቀረና እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ለመግለጽ ነው። ወላጆቻችን ገጹን ገልጠው ከማለፋቸው በፊት ጥቂት ይታገሡኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ፤ ነገሩ ከሽቦና ከቍልፍ ቢጀምርም የሚያደርሰው ወደ አንድ ቤተ ሰብ ጓዳ ነውና።

በተማሪዎች ዘንድ «ሊኑክስ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ድምፅ የለውም» የሚል ወሬ አለ። ይህን አባባል እኔ አልቀበለውም። ድምፅስ አለው፤ ብቻ ድምፁ ከፕሮግራሙ ተነሥቶ ከጆሯችን እስኪደርስ ድረስ በብዙ ደጃፍ ያልፋል፤ ከደጃፎቹም አንዱ የተዘጋ እንደ ሆነ የሌሎቹ ሁሉ መከፈት ዋጋ የለውም። በአዲስ አበባ ለምንኖር ሰዎች ይህን መረዳት ከቶ አያስቸግርም። ውሃ በጠፋ ጊዜ አስተዋይ የቤት እመቤት ቧንቧውን በመዶሻ አትመታም። መጀመሪያ ጎረቤት ውሃ መኖሩን ትጠይቃለች፤ ቀጥላ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ታያለች፤ ከዚያም ሮቶውን ታንኳኳና ባዶ መሆን አለመሆኑን ታዳምጣለች፤ በመጨረሻም ወደ ቧንቧው ራስ ትመጣለች። የድምፅም ፍለጋ እንዲሁ ነው።

ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተወላጅ ሲሆን፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በኦገስት 1991 ሥራውን ለዓለም ሲያስታውቅ ገና የ21 ዓመት ወጣትና የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የድምፁን ክፍል ግን አንድ ሰው ብቻ አልሠራውም። በ1998 ያሮስላቭ ኪሴላ የተባለ የቼክ ሰው «አልሳ» የሚባለውን ጀመረ፤ ይህም ከድምፅ ካርዱ ጋራ በቀጥታ የሚነጋገረው የታችኛው ደጃፍ ነው። በዲሴምበር 2003 በወጣው 2.6 በተባለው የሊኑክስ አስኳል ውስጥም ገብቶ ዋነኛው ሆነ። በላዩ ደግሞ የብዙ ፕሮግራሞችን ድምፅ በአንድነት የሚያስተናግድ ሌላ ደጃፍ አለ። ከ2004 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ይህን ሥራ የያዘው የሌናርት ፖተሪንግ «ፐልስኦዲዮ» ነበር። አሁን በብዙ ቦታ የተተካው በቪም ታይማንስ «ፓይፕዋየር» ነው፤ የዚህም ተራ ቍጥር 1.0 የሆነው እትም የወጣው በኖቬምበር 2023 ነው። «ፓይፕ» ማለት ቧንቧ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ከላይ ያመጣሁት ምሳሌ ከሩቅ የተወሰደ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። አያቴ፤ ማለትም የእናቴ እናት፤ የ84 ዓመት አዛውንት ናቸው። አያቴ ወንዱ ያረፉት በ1985 ዓ.ም. ስለ ሆነ እኔ በፎቶግራፍ ካልሆነ በቀር አላውቃቸውም። በ1979 ዓ.ም. ግን ወደ አሜሪካ ለሄደችው ለታላቋ አክስቴ በካሴት ደብዳቤ ልከውላት ኖሯል። በዚያ ዘመን ስልክ ውድ፣ ፖስታም ዘገምተኛ ስለ ነበረ ብዙ ቤተ ሰብ በቴፕ እየተናገረ ካሴቱን በመንገደኛ እጅ ይልክ ነበር። አክስቴ ያንን ካሴት ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቃ ኖራ ባለፈው ጥቅምት ወር በሰው እጅ መለሰችልን። ምክንያቱም የአያቴ ጆሮ ነው። ሐኪሙ የመስማት ኃይላቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ እንደሚሄድና ወደ ኋላ እንደማይመለስ ነግሯቸዋል። አያቴም ይህን ሲሰሙ አላለቀሱም፤ «እንግዲያው እሱ ሳይዘጋ የአባታችሁን ድምፅ አንድ ጊዜ ልስማ» ብቻ አሉ።

ካሴቱን በቴፕ ብቻ ማሰማት ለምን አልበቃም የሚል ይኖር ይሆናል። የካሴት ክር ስፋቱ ከ4 ሚሊሜትር ያነሰ ስስ ነገር ነው፤ በየሴኮንዱ 4.76 ሴንቲሜትር እየተሳበ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ 86 ሜትር ያህል ያልፋል። አርባ ዓመት ሊሆነው የተቃረበ ክር አንድ ጊዜ ተጠምጥሞ ከተበጠሰ የሚጠገነው ሲደማመጥ ጎደሎ ሆኖ ነው። ደግሞም አያቴ ይሰሙ ዘንድ ድምፁን እንደ ጆሯቸው ማስተካከል ያስፈልግ ነበር፤ ይህን ደግሞ ቴፕ አይችለውም። ስለዚህ ድምፁን ወደ ኮምፒዩተር ለመገልበጥ ወሰንሁ።

ኮምፒዩተሩ ታላቅ ወንድሜ ሥራ ይዞ ሲሄድ የተወልኝ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። የማስታወስ አቅሙ 4 ጊጋባይት፤ ባትሪው የሞተ፤ ከግድግዳው ሲነቀል ወዲያው የሚያንቀላፋ ነው። ቀድሞ የነበረበት ሥርዓት ስለ ከበደው ወንድሜ «ሊኑክስ ሚንት 22» የተባለውን ጭኖበታል። ሚንት ማለት ናና ነው፤ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቅጠል። ይህ እትም በጁላይ 2024 የወጣ ሲሆን ፓይፕዋየርን ይዞ ይመጣል። ድምፅ ለመቅረጽ ደግሞ «ኦዳሲቲ» የሚባለውን ፕሮግራም መረጥሁ። እርሱንም በ1999 በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ዶሚኒክ ማዞኒ የተባለ ተማሪና ሮጀር ዳነንበርግ የተባለ አስተማሪ ጀመሩት፤ በነጻ የሚሰጥም ነው።

ፕሮግራሙን ለመጫን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከሥርዓቱ የራሱ ጎተራ የሚወጣው ነው፤ ሁለተኛው «ፍላትፓክ» የሚባለው፤ የሚያስፈልገውን ዕቃ ሁሉ ሻንጣው ውስጥ ይዞ የሚመጣ ነው። ሻንጣው ከባድ ስለ ሆነ ኢንተርኔት በጥቅል ለሚገዛ ሰው ያስከፍላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን መረጥሁ። ነገር ግን ጭነቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ምንም አልጭንም አለ፤ ሥራው በመካከል ስለ ተቋረጠ እጅ እንዲገባበት የሚጠይቅ ጽሑፍ ብቻ ያሳይ ጀመር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሥርዓቱን እንደ ገና ከመሠረቱ ይጭናል። አያስፈልግም። ጽሑፉን ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው መድኃኒቱን እዚያው ተጽፎ ያገኘዋል፤ በተርሚናሉ ላይ «ሱዶ ዲፓኬጅ ሰረዝ ሰረዝ ኮንፊገር ሰረዝ ኤ» ብሎ መጻፍ ነው። (አነባበቡን በእኛ ፊደል አስቀመጥሁ እንጂ በኮምፒዩተሩ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፤ «ሰረዝ» ያልሁትም ራሱ ምልክቱ ነው።) ይህ ትእዛዝ በመካከል የቀረውን ሥራ ሁሉ ለቅሞ ይጨርሳል። ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ሰረዝ ሰረዝ ፊክስ ሰረዝ ብሮክን ኢንስቶል» ቢባል የጎደለውን ያሟላል። እኔም በዚህ መንገድ ከአምስት ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ ኦዳሲቲን አስገባሁ።

አሁን ድምፁ። ከኮምፒዩተሩ ምንም አይሰማም ነበር። መጀመሪያ የሚደረገው ነገር፤ ፕሮግራሙ በእርግጥ ድምፅ እየሰጠ መሆኑን ማየት ነው። ለዚህ «ፓቩኮንትሮል» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። አንድ ዘፈን ከፍቼ በእርሱ ስመለከት የድምፅ ልክ የሚያሳየው መስመር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ድምፁ አለ ማለት ነው፤ ጎረቤት ውሃ አለ እንደ ማለት። ታዲያ ወዴት ይፈሳል? «ውጽኣት» በሚለው ክፍል ባይ፤ ድምፁ የሚላከው ወደ ኤችዲኤምአይ ነው፤ ከጎኑም አልተሰካም የሚል ቃል ተጽፏል። ወንድሜ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥን ጋራ እያገናኘ ፊልም ያይበት ነበርና መሣሪያው ያንን አስታውሶ በሌለ ቴሌቪዥን ላይ ድምፁን ያፈስ ኖሯል። ይህንኑ በተርሚናል ለማየት የሚወድ ሰው «ደብልዩፒሲቲኤል ስታተስ» ቢል የድምፅ መውጫዎቹ ሁሉ ከነቍጥራቸው ይዘረዘሩለታል፤ ተመራጩ በኮከብ ምልክት ይታወቃል። መውጫውን ወደ ላፕቶፑ ድምፅ ማጉያ መለስሁት።

አሁንም ዝም አለ። እንግዲህ የላይኛው ደጃፍ ከተከፈተ የቀረው የታችኛው ነው ማለት ነው። በተርሚናሉ «አልሳሚክሰር» ብዬ ጻፍሁ። በማያው ላይ ረዣዥም ቋሚ ዓምዶች ተደርድረው ይታያሉ፤ እያንዳንዱ የአንድ መንገድ ድምፅ ልክ ነው። ኤፍ 6 የሚለውን ቍልፍ ተጭኖ ትክክለኛውን ካርድ መምረጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሰው የሌላውን በር ሲያንኳኳ ይውላል። «ስፒከር» ከሚለው ዓምድ ሥር ሁለት ኤም ፊደላት ነበሩ። ይህ ምልክት አፉ ተዘግቷል ማለት ነው። ኤም የሚለውን ቍልፍ ስጫን ፊደላቱ ወደ ሁለት ዜሮ ተለወጡ፤ በዚያው ቅጽበት ያ ሳላጠፋው የተውሁት ዘፈን ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። እናቴ ከማድ ቤት ሮጣ መጣች።

ለማረጋገጥ «ስፒከር ሰረዝ ቴስት» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ግራና ቀኙን እየለየ ያሰማል። ደግሞ በእኛ አገር መብራት ድንገት ሲጠፋ አልሳ ያደረግነውን ለውጥ ሳይጽፍ ሊቀር ይችላል፤ እንደ ልማዱ የሚጽፈው ኮምፒዩተሩ በሥርዓት ሲዘጋ ነውና። ስለዚህ ድምፁ እንደ ተገኘ ወዲያው «ሱዶ አልሳሲቲኤል ስቶር» ብሎ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ይህችን ትንሽ ነገር ብዙ ሰው አያደርጋትም፤ በማግሥቱም «ሊኑክስ ድምፄን በላብኝ» ይላል።

ድምፅ ማውጣት ይህን ያህል ሲሆን ድምፅ ማስገባት ግን ሌላ ነው። ላፕቶፑ ያለው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። ይህ ዓይነቱ ቀዳዳ ለማዳመጫና ለማይክሮፎን በአንድነት የተሠራ ስለ ሆነ፤ የሚስማማው መሰኪያ ሦስት ጥቋቍር ቀለበቶች ያሉት ነው። ከቴፕ የሚመጣው ተራ ገመድ ግን ቀለበቱ ሁለት ነው። ሁለት ቀለበት ያለው ሲሰካ ኮምፒዩተሩ የጆሮ ማዳመጫ ብቻ የተሰጠው ይመስለዋል፤ ወደ ውስጥም ምንም አይቀበልም። እዚህ ላይ የፕሮግራም ብልሃት አይሠራም፤ የሚያስፈልገው ዕቃ ነው። መገናኛ ካሉት ሱቆች በአንደኛው፤ ጣት የምታህል በዩኤስቢ የምትሰካ፤ ለማይክሮፎንና ለማዳመጫ ለየብቻ ቀዳዳ ያላት የድምፅ ካርድ ገዛሁ። ሻጩ «ከሲዲዋ ጋራ ካልሆነ አትሠራም፤ ሲዲው ደግሞ ዋጋው ለብቻው ነው» ቢለኝም አልተቀበልሁትም፤ ለእንዲህ ያለችው ካርድ የሚያስፈልገው ድራይቨር ቀድሞውኑ በሊኑክስ አስኳል ውስጥ አለና። ቤት ገብቼ ሰክቼ «ኤሪኮርድ ሰረዝ ኤል» ስል ስሟ ወዲያውኑ ተዘርዝሮ ታየ።

ቴፑን ያገኘነው ከምናለሽ ተራ ነው። የሸጠልን ሰው ጭንቅላቱን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠርጎ፤ የላላውን ላስቲክ ለውጦ ሰጠን። ነገር ግን ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚወጣው ኃይል ለማይክሮፎን መግቢያ እጅግ ይበዛበታል። የማይክሮፎን መግቢያ የተሠራው በሺ የሚከፈል የቮልት ፍርፋሪ ለመቀበል ነው፤ ከማዳመጫ የሚወጣው ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ውጤቱም የተቀደደና የሚንቋቋ ድምፅ ነው። ይህን ለፊዚክስ መምህራችን ባማክራቸው፤ በአሥረኛ ክፍል የተማርነውን የቮልቴጅ ማካፈያ አስታወሱኝ። አንድ የ10 ኪሎ ኦም እና አንድ የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ታስረው፤ መግቢያው ከትንሹ ላይ ብቻ ቢወሰድ፤ ከአሥራ አንድ እጅ አንዱ እጅ ብቻ ያልፋል። ዋጋቸው ከአንድ ብስኵት አይበልጥም። ለፈተና ብቻ የተጻፈ ይመስለኝ የነበረው ያ ቀመር የአያቴን ድምፅ ሲያጠራ ባየሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ አልችልም።

ሁለተኛው ችግር እምምም የሚል ድምፅ ነበር። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፤ ቴፑም ኮምፒዩተሩም ከግድግዳው ሲሰኩ ያ መመላለስ በገመዱ ውስጥ ዞሮ ይገባል። ላፕቶፑን ከግድግዳው መንቀል አልችልም፤ ባትሪው የለምና። ስለዚህ የቴፑን አዳፕተር ነቅዬ በአራት ባትሪ ድንጋይ አስነሣሁት። እምምታው እንደ ተቆረጠ ክር ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመቅረጹ ሥራ ራሱ ቀላል ነው። አያቴ የተናገሩበት ቴፕ ባለ አንድ መንገድ ስለ ነበረ በሁለት መንገድ መቅረጽ ቦታ ማባከን ነው። በሴኮንድ 44,100 ናሙና፣ በአንድ መንገድ፣ በ16 ቢት ሲቀረጽ ሠላሳ ደቂቃው 159 ሚሊዮን ባይት ያህል ይሆናል፤ ለአሮጌ ላፕቶፕም አይከብድም። ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል ልኩን አስተካክዬ ቴፑን አስነሣሁና ከክፍሉ ወጣሁ። ለምን እንደ ወጣሁ ለራሴም አይገባኝም፤ ብቻ ከአያቴ ቀድሜ ለመስማት አልፈለግሁም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ለአያቴ ማዳመጫውን አድርጌላቸው ከፈትሁት። «ለውድ ልጄ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፤ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን» የሚለው እንደ ደብዳቤ ያለው አጀማመር ሲመጣ ሁላችንም ፊታቸውን እናይ ነበር። ፊታቸው አልተለወጠም። ጥቂት አዳመጡና ማዳመጫውን አውልቀው፤ «ልጄ፤ እሳቸው እንዲህ አይጎትቱም ነበር። ይህ የታመመ ሰው ድምፅ ነው» አሉኝ።

እናቴ «ጆሮዎ ስለ ደከመ ይሆናል እማዬ» አለቻቸው። እኔ ግን የምትናገሩት ትክክል ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብሁ። አንድ ቴፕ ሲቀርጽ በአንድ ፍጥነት፤ ሌላው ሲያሰማ በሌላ ፍጥነት የሄደ እንደ ሆነ፤ ድምፁ ይወፍራል ወይም ይቀጥናል። ቴፑ ከመቶ 4 እጅ ቢዘገይ የሠላሳ ደቂቃው ንግግር 31 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ይፈጃል፤ የተናጋሪውም ድምፅ በዚያው ልክ ይወርዳል። በኦዳሲቲ ውስጥ ፍጥነትንና ቅላጼን በአንድነት የሚለውጥ ክፍል አለ፤ ፍጥነትን ብቻ ወይም ቅላጼን ብቻ የሚለውጡትም አሉ፤ ለቴፕ የሚሆነው ግን ሁለቱን በአንድነት የሚለውጠው ነው። የትኛው ልክ ትክክል እንደ ሆነ የሚነግር መሣሪያ አልነበረኝም። ከአንዲት አዛውንት ትዝታ በቀር መለኪያ የለም።

ስለዚህ አንዱን ዓረፍተ ነገር መርጬ በሦስት ልክ አዘጋጀሁት፤ ከመቶ 2፣ ከመቶ 4 እና ከመቶ 6 እጅ የፈጠነ። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ሳልነግራቸው አሰማኋቸው። የመጀመሪያውን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛውን ሰምተው ዝም አሉ። ሦስተኛውን ሲሰሙ «ይሄ ደግሞ ወንድማቸው ነው» ብለው ሳቁ፤ ለካ ታናሽ ወንድማቸው ቀጭን ድምፅ ነበራቸው። ሁለተኛውን ደገምሁላቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «አሁን እሳቸው ናቸው» አሉ።

የቀረው የቃላቱ ጥራት ነበር። ሰው ሲያረጅ ቀድሞ የሚሄደው የቀጫጭኑ ድምፅ መስሚያ ስለ ሆነ፤ እንደ ሰ፣ ሸ፣ ፈና ጸ ያሉት ፊደላት ይጠፋሉ፤ ንግግሩ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። በማስተካከያው ከ2000 እስከ 4000 ኸርዝ ያለውን ክፍል በ6 ዴሲቤል ከፍ አደረግሁ። የክሩንም ሽሽታ ለመቀነስ፤ ንግግር በሌለበት ቦታ ላይ ያለውን ሽሽታ ለይቶ ለፕሮግራሙ ማሳየትና ከዚያ በኋላ ከሁሉ እንዲቀንስ ማዘዝ ይቻላል። ይህ ሲበዛ ግን ሰውየው ከውሃ ውስጥ የሚናገር ያስመስለዋል፤ እኔ በጥቂቱ ብቻ ተጠቀምሁበት። ከበስተ ኋላ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይሰማ ስለ ነበር እርሱን ማጥፋት ነውር መሰለኝ። ይህም ሁሉ የተደረገው በሌላ ግልባጭ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ቅጂ ምንም ሳይነካ በፍላክ ዓይነት ተቀምጧል፤ ይህ ዓይነት ከድምፁ አንዳች ሳያጎድል መጠኑን ብቻ የሚያሳንስ ነው።

አያቴ ሠላሳ ደቂቃውን ከዳር እስከ ዳር ሰሙት። አንድ ቦታ ላይ አያቴ ወንዱ፤ «ታናሽ እኅትሽ ሰላም በዪ ብላት እያፈረች ነው» ይላሉ፤ ቀጥሎ አንዲት ሕፃን ስትስቅ ይሰማል። ያች ሕፃን እናቴ ናት፤ በዚያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። እናቴ ይህን ስትሰማ ተነሥታ ቡና ልቍላ ብላ ወጣች። ቡናው ግን ቀድሞ ተቈልቶ ነበር።

ሲጨርሱ አያቴ ያልጠበቅሁትን ነገር ጠየቁኝ። «መልሱንስ በዚህ በኩል መናገር ይቻላል?» አሉ። ማይክሮፎን ከዚያችው ትንሽ ካርድ ላይ ሰካሁ። በአልሳሚክሰር ኤፍ 4 ተጭኜ የመግቢያውን ገጽ ከፈትሁ፤ ለቴፑ ብዬ ዝቅ አድርጌው የነበረውንም ልክ ለሰው ድምፅ እንዲሆን ከፍ አደረግሁት፤ ሬዚስተሮቹንም ከመንገዱ አወጣሁ። መጀመሪያ ቅጂው እየተቆራረጠ መጣ፤ አሮጌው ላፕቶፕ ሌሎች ፕሮግራሞች ተከፍተውበት ስለ ነበር ድምፁን በሰዓቱ ማንሣት አቅቶት ነው። ሌሎቹን ዘግቼ በኦዳሲቲ ምርጫዎች ውስጥ የማቆያውን ልክ ከ100 ወደ 200 ሚሊሴኮንድ ሳሳድገው መቆራረጡ ቀረ። ለዘፋኝ እንዲህ ያለው መዘግየት አይመችም፤ ለአያቴ ግን ምንም አይደለም።

አያቴ ነጠላቸውን አስተካክለው፤ ማይክሮፎኑን እንደ ሰው ፊት ለፊት እያዩ፤ ለአክስቴ 11 ደቂቃ ተናገሩ። የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም። በቴሌግራም ላክንላት፤ እርሷም በዚያው ሌሊት መልሷን በድምፅ ላከች፤ አያቴም ጠዋት ከቁርስ በፊት በማዳመጫው ሰሙት።

የካሴቱ ሁለተኛ ገጽ ገና አልተገለበጠም። መጀመሪያው ላይ ክሩ ስለ ተጨማደደ በዚህ ቴፕ ላይ ማዞሩን ፈራሁ። የምናለሽ ተራው ሰው ካሴቱን ከፍቶ ክሩን ወደ ሌላ ቤት ሊያዛውርልኝ ለሰኔ 20 ቀጥሮኛል፤ ሬዚስተሮቹና ገመዱም በአንድ የክብሪት ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።